እሜቴ ተኝተዋል

በቀደም፣ ምሳ ሰዓት ሊደርስ ሲል፣ ከውሃ ጽሕፈት ቤት የመጣ አንድ ወጣት ደጃፌ ላይ ቆመ። የምኖረው ቢቸና ውስጥ ከልጄ ከምትኬ ጋር ነው። እሷ ሥራ ስትውል እኔ ደጅ ተቀምጬ ፀሐይ እሞቃለሁ፤ መንገደኛ አያለሁ፤ ሲደክመኝ እገባለሁ። ልጁ ደሳለኝ እባላለሁ አለኝ። ጫማው ላይ የደረቀ ቀይ አፈር ስለነበረ ከየት እንደመጣ ሳይነግረኝ ገባኝ። እንዲያ ያለ አፈር ያለው የተወለድኩበት አገር ነው፤ ዝግባ አፋፍ።

«አባባ፣ አለማየሁ የሚባሉት እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ። ምን አጠፋሁ?»

ሳቀና ከቦርሳው በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣ። ዳር ዳሩን አይጥ ቀምሶታል፤ መሐሉ ሻይ የፈሰሰበት መስሎ ወይቧል። ጽሕፈቱን ግን ከሩቅ ለየሁት። ወደ ግራ የሚያዘነብለው የራሴ ፊደል ነው። ሦስት ዓምድ አለው፤ ጧት፣ ቀትር፣ ማታ። የጧቱና የማታው ቁጥር ነው። የቀትሩ ቁጥር ግን አንድም ሳይቀር ተሰምሮበታል፤ ከጎኑም አንድ ቃል ብቻ ከላይ እስከ ታች ተጽፏል። አላየሁም። አላየሁም። አላየሁም።

«አሮጌውን ማጣሪያ ልናድስ ነው» አለ ልጁ። «ከምንጩና ከአሸዋው መሐል ያለችውን ትልቅ ገንዳ ማፍረስ ፈልገናል። ከማፍረሳችን በፊት ግን ለምን እንደተሠራች ማወቅ አለብኝ። ይሄ ስምዎ ያለበት ወረቀት ከድሮው መዝገብ ውስጥ ተገኘ። ጓደኞቼ ሲያዩት ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። አባባ፣ ያላዩት ምንድን ነው?»

ቁጭ በል አልኩት። ዳቦ ቆሎ ነበረን፣ አቀረብኩለት።

ዝግባ አፋፍ ከቢቸና ወደ ሞጣ ሲኬድ፣ ዋናውን መንገድ ወደ ዓባይ በኩል ለቀው በእግር ግማሽ ቀን የሚያስኬድ አገር ነው። ስሟን የሰጧት ዝግባዎች በእኔ ጊዜ ሦስት ብቻ ቀርተው ነበር። ቤቶቹ አፋፉ ላይ ናቸው። ውሃው ግን ታች ነው፤ በጠባብ ቁልቁለት ተወርዶ፣ ከገደሉ ሥር፣ ሁለት ትልልቅ ድንጋዮች ተደጋግፈው ከቆሙበት ስንጥቅ ይወጣል። ስንጥቁ ሰው ጎንበስ ብሎ ትከሻውን ሊያስገባበት ይበቃል። ያስገባ ሰው ግን አላውቅም።

ማንም «ምንጩ» ብሎ አይጠራውም ነበር። እሜቴ ነው የምንለው፣ እንደ ትልቅ እመቤት፣ አንቱ እያልን። በበጋ «እሜቴ ከሱ» ይባላል። በክረምት «እሜቴ ደፈረሱ» ይባላል። ሴቶቹ እንስራቸውን ከጀርባቸው ሳያወርዱ «እንዴት አደሩ» ይላሉ፤ ይህን ሲሉ የሚስቅ የለም፤ ለጎረቤት እንደሚባለው ነው የሚባለው።

ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እሜቴ ይተኛሉ። ይህን ሕፃኑም ያውቃል። በዚያ ሰዓት ወደ ታች የሚወርድ የለም፤ ግድ ሆኖበት ያለፈ እንኳ ቢኖር የሰው ስም አይጠራም። ስሙ የተጠራበት ሰው ምን እንደሚሆን ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። ስላልተነገረ ይመስለኛል አብልጠን የምንፈራው። ውሃ ሲተኛ ምን እንደሚሆንም ጠይቄ አላውቅም። ይተኛሉ ከተባለ ይተኛሉ ነው። የትልቅ ሰው እንቅልፍ ምኑ ይጠየቃል?

በሃያ አራት ዓመቴ የአንጓች ባል ነበርኩ፤ አንድ ልጅም ቀብሬ ነበር። ወንድ ነው። በመጀመሪያው ክረምት ጡት ብቻ ስለሚጠባ ምንም አልነካውም። በሁለተኛው ክረምት መዳህ ጀመረ፤ እኛ ከምንጠጣበት ጣሳ ይጎነጭ ጀመር። ክረምት ላይ ከላይ ያለው የማሳና የከብት መዋያ እጣቢ በድንጋዩ ስንጥቅ እየሰረገ ይወርዳል፤ እሜቴ ቀይ ይሆናሉ። በነሐሴ መጨረሻ ተቅማጥ ያዘው። ሦስት ቀን ነው የቆየው። ከዚያ ወዲያ አንጓች ውሃውን ታሳድረዋለች፣ በታጠፈ ነጠላ ታጠልለዋለች፣ ከዚያም ጣሳውን ወደ ብርሃን አንስታ ለረጅም ጊዜ ታየዋለች። አንዳንዴ ሳትጠጣው መልሳ ታስቀምጠዋለች።

የተከታዩን ዓመት ፋሲካ የፈታነው አንጓች እንደገና አርግዛ ነው። በዚያው ሰሞን መሐንዲሱ መጣ።

አቶ ተሾመ ይባላል። አገሩ ሩቅ ነው፤ የተመደበው ሞጣ ነበር። መኪናው ከዋናው መንገድ ቀርታ በበቅሎ ነው የገባ። ኮርቻውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዟል። አባ ይሁኔ፣ የአገሩ ትልቅ ሰው፣ ገና ከሩቅ ሲያዩት፦

«ልጄ፣ እንደው ለመሆኑ ከሁለታችሁ መንገዱን የሚያውቀው ማንኛችሁ ነው?» አሉት።

«እሷ ናት አባቴ» አለ። «እኔ ተቀጣሪ ነኝ።»

ያን ዕለት ወደድነው። ሕዝቡን ሰብስቦ የመጣበትን ነገረን። ውሃችሁ በሽታ አለበት፤ የሚያጣራ ነገር እንሠራለን፤ ግን የምንሠራው በውሃው ልክ ስለሆነ መጀመሪያ ውሃው ይለካ አለ። አርባ ቀን፣ በቀን ሦስት ጊዜ፤ ጧት፣ ቀትርና ማታ ፀሐይ ሳትጠልቅ። ባልዲ ትደቅናላችሁ፣ በስንት ሰከንድ እንደሞላ ትጽፋላችሁ። ማዶ ካለው አገርም እንዲሁ ይለካል፤ ከሁለቱ ለአንዱ ነው የሚሠራው አለ።

ማን ይለካ ሲባል አባ ይሁኔ በከዘራቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። «ይሄ በመሠረተ ትምህርት ቁጥር ለይቷል። ደግሞ ባለፈው ክረምት ቀብሯል። አይቀልድበትም።»

አቶ ተሾመ የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ክንዴ ላይ አሰረልኝ። ሰዓት አስሬ አላውቅም ነበር። ትርታው የሰዓቱ ይሁን የራሴ መለየት አቅቶኝ ዋልኩ።

የጧቱን ለካሁ። ባልዲው በአሥር ሰከንድ ሞላ። ጻፍኩ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ባልዲዬን ይዤ ወጣሁና አፋፉ ላይ፣ ዝግባው ሥር ደረስኩ። ቁልቁለቱን አየሁ። ፀሐይዋ አናት ላይ ስለሆነች ዛፎቹ ጥላ አልነበራቸውም፤ መንገዱ ነጭ ሆኖ ወደ ታች ይወርዳል። ማንም የለበትም። ከታች ወፍ እንኳ አይሰማም። ዝግባው ሥር ተቀመጥኩ። በኪሴ የነበረችውን የሽምብራ ቆሎ አንድ በአንድ ቆረጠምኩ። ቆሎዬ ሲያልቅ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ በቀትሩ ዓምድ «አሥር» ብዬ ጻፍኩና ተመለስኩ።

በማግስቱም እንደዚያው። በሣልስቱም። አንዳንድ ቀን አሥራ አንድ እለዋለሁ፤ አንዳንድ ቀን ዘጠኝ። ውሸት እውነት እንዲመስል ትንሽ ማወላገድ እንደሚያስፈልግ ማን እንዳስተማረኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በመሐሉ አንድ ቀን፣ እኔ እርሻ ላይ ሳለሁ፣ አቶ ተሾመ ሳይታሰብ በቀትር መጣ። ደጃፍ ላይ ያገኛት አንጓችን ነው። ወደ ታች ልውረድ አላት። እሷም ለሰው ሁሉ እንደሚባለው፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፦

«አሁንማ አይሆንም። እሜቴ ተኝተዋል። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ይወርዳሉ» አለችው።

እሱም ባርኔጣውን አወለቀ። «ይቅርታ፣ አላወቅሁም» አለ፤ የራሱንም ድምፅ ዝቅ አደረገ። ቤታችን አጠገብ ካለው ግንድ ላይ ተቀምጦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠበቀ። አንጓች የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ሰጠችው፤ ሲበላ እንኳ እንዳይሰማ ተጠንቅቆ ነው አለችኝ። ሳምንት ቆይቶ ሲመለስ አንድ ኪሎ ስኳር ይዞ መጣ። «ለእሜቴ ስጭልኝ። ባለፈው ደጃቸው ላይ ስለዋልኩ ነው» አላት።

አንጓች ስኳሩን ይዛ ግራ ገባት። አደራ ነው፤ አይበላም። በማግስቱ ማለዳ ወርዳ «እንዴት አደሩ» ካለች በኋላ ስንጥቁ አፍ ላይ በተነችው።

እኔ ይህን ስሰማ መጀመሪያ ደነገጥኩ። «ነገርሽው?»

«ምን ልበለው? ልውረድ ሲል ተኝተዋል አልኩት።»

ኋላ ሳስበው ግን ቀለለኝ። እንግዲህ አውቋል አልኩ። አውቆ ዝም አለ፤ ስኳር እስከ መላክ ድረስ ወጋችንን አክብሯል፤ ወረቀቴንም እያየ ምንም አላለ። ትልቅ ሰው ነው አልኩ። እንዲህ እያልኩ አርባውን ቀን ጨረስኩ።

አቶ ተሾመ በግንቦት አጋማሽ ንድፉን ይዞ መጣ። ቁርበት አንጥፈን ወረቀቱን ዘረጋው፤ አራቱን ማዕዘን በድንጋይ ያዝንለት። ደመናው ከዓባይ በኩል መጥቆር ጀምሯል፤ ነፋሱ ወረቀቱን ከሥሩ እያነሳው እንደሚተነፍስ ነገር ያደርገዋል። ይህ ቱቦ ነው፣ ይህ የጠጠር ገንዳ ነው፣ ይህ የአሸዋው ገንዳ ነው እያለ በእርሳስ አሳየን።

«ዋናው አሸዋው ነው» አለ። «ውሃው ቀስ ብሎ በአሸዋው ውስጥ ይወርዳል። ከአሸዋው ላይ ቀጭን ቆዳ ይበቅላል፣ እንደ ቀዘቀዘ ወተት ሽፋን። ሕይወት ያለው ነገር ነው። በሽታውን የሚበላው እሱ ነው። ስለዚህ ሌትም ቀንም ክንድ የሚያህል ውሃ ከላዩ መቆም አለበት። ፀሐይ ላይ ራቁቱን ከዋለ ይሞታል።»

«አሸዋ ይሞታል?» አለ አንዱ። ሰው ሳቀ። «ተዝካር እናወጣለን እንዴ?» አለ ሌላው።

አንጓች ከሴቶቹ መሐል ነበረች። አልሳቀችም። «ቢሞትስ?» አለች።

«ከሞተ ውሃው ጥርት ብሎ ይወጣል» አለ አቶ ተሾመ። «በሽታው ግን አብሮ ይወጣል። ክፋቱ እሱ ነው። ድፍርስ ውሃ ሰው ይጠራጠረዋል። ጥርት ያለውን ማን ይጠራጠረዋል?»

ሳላስበው ተነሳሁ። «እሜቴ ሲተኙስ?» አልኩ።

አቶ ተሾመ ፈገግ አለ። «እሜቴማ እንደልባቸው ይተኙ! ቧንቧው ደጃፋቸው ድረስ ይመጣል። ከእንግዲህ ማንም አይቀሰቅሳቸውም።»

ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። አባ ይሁኔ ሳል ያዛቸው። እኔም ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ይህ ሰው ምንም አላወቀም። አርባ ቀን ሙሉ እሜቴን አንዲት ባልቴት ናቸው እያለ ነው የኖረ።

ስብሰባው ሲበተን አባ ይሁኔ ክንዴን ያዙኝ። «ዝም በል ልጄ። ማዶ ያሉት ይህን ከሰሙ ነገ ሲሚንቶው ወደ እነሱ ነው የሚጫነው።»

«አሸዋው ይሞታል ብሏል እኮ አባቴ።»

«መጀመሪያ ይሠራ። ሲሞት እናያለን።»

በማግስቱ ስድስት ሰዓት ሲሆን ባልዲዬን አነሳሁና ዝግባውን አልፌ ወረድኩ።

እንዴት ብዬ እንደምናገረው አላውቅም። ከመንገዱ ግማሽ ላይ ስደርስ የውሃው ድምፅ ነበረ። ደርሼ ባልዲውን ስደቅን አሁንም ይፈስሳል። ሰዓቱን አየሁ። ባልዲው ግማሽ ሳይሞላ የውሃው ክንድ ቀጠነ፤ እንደ ጣት ሆነ፣ እንደ ክር ሆነ፣ ከዚያ ድንጋዩን እየላሰ ቀረ። አንድ ጠብታ ድንጋዩ ጫፍ ላይ ተንጠለጠለ። እወድቃለሁ እወድቃለሁ አለና ሳይወድቅ ወደ ላይ ተመለሰ። በዓይኔ ነው ያየሁት።

ከዚያ ጸጥታ ሆነ። ዕድሜዬን ሙሉ ያን ቦታ በውሃ ድምፅ ነው የማውቀው። ጸጥ ሲል ሌላ ቦታ መሰለኝ፤ ሰው የሌለበት ቤት ገብቼ በሩ የተዘጋብኝ መሰለኝ። እግሬ ሥር አንድ የደረቀ የዋንዛ ቅጠል ነበረ። ነፋስ የለም፤ ቅጠሉ ግን ተንቀሳቀሰ። ወደ ስንጥቁ ትንሽ ሄደ፤ ቆመ፤ እንደገና ሄደ። ሦስተኛ ጊዜ ሲነሳ ስንጥቁ ውጦት ገባ። እጄን ወደ ስንጥቁ ሳስጠጋ አየሩ ከጣቶቼ መሐል ወደ ውስጥ ይገባል። ቀዝቃዛ ነው፤ ረጅም ነው። ሰው ከመተኛቱ በፊት እንደሚስበው ያለ ትንፋሽ ነው። መልሶ እስኪያወጣው ጠበቅኩ። አላወጣውም።

ያን ጊዜ ነው ከኋላዬ፣ ከቁልቁለቱ ላይ፣

«አለማየሁ!»

አንጓች ናት። ባልዲ ይዤ ስወጣ አይታ ተከትላኛለች፤ በዚያ ሆዷ። ስትደነግጥ ነው ስሜን የጠራችው። ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። ግን ወጥቷል።

ድምፁ አልፎኝ ወደ ስንጥቁ ገባ። ምንም አልሆነም። ተመስገን ልል ስል፣ ከውስጥ፣ ከሩቅ፣ ቀስ ብሎ ተመለሰ። መጀመሪያው ቀርቶ መጨረሻው ብቻ።

«…አየሁ። …አየሁ።»

የገደል ማሚቶ ነው። አውቃለሁ። ውሃው ሲፈስስ ድምፅ ያፍነዋል፣ ውሃው ሲቆም ይመልሳል። ኋላ አቶ ተሾመም እንደዚያ ብሎ አስረድቶኛል። ግን ስሜን ሃያ አራት ዓመት ሰው ሁሉ ሲጠራው ኖሮ ውስጡ ያለውን ቃል ያን ዕለት ነው የሰማሁት። ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ።

አንጓች ወርዳ አጠገቤ ተቀመጠች። ሆዷን በነጠላዋ ሸፈነች። ድምጿን በጣም ዝቅ አድርጋ፦

«አየሁ ነው ያለው?»

«አዎ።»

«ምኑን ነው ያየው?»

«ወረቀቱን» አልኳት። ነገርኳት። አርባውንም ቀን።

አልተቆጣችም። ጠብታዋ የነበረችበትን ድንጋይ እያየች ቆየች። «ሂድና ንገረው» አለች በመጨረሻ። «ወደ ማዶ ከሄደ ይሂድ። ድፍርሱን እንደምንም አጠልለዋለሁ። ጥርት ያለውን ግን ምን አደርገዋለሁ? ይህን ልጅ በጥሩ ውሃ አላታልለውም።»

ወደ ላይ ስንወጣ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ፣ ከኋላችን አንድ ሳል ተሰማ፤ ከዚያ ጉርጉርታ፤ ከዚያ የምናውቀው የውሃ ድምፅ። ሁለታችንም ዞረን አላየንም።

አቶ ተሾመ ያደረው የገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ከአንጓች ጋር ገብተን ሰዓቱን ፈትቼ ፊቱ አስቀመጥኩ። «የቀትር ቀትሩ ውሸት ነው» አልኩት።

«አርባውም?»

«አርባውም።»

«ለምን?»

«እሜቴ ይተኛሉ።»

«ኧረ እባክህ! እኒህ ሴትዮ በሁሉም ነገር መሐል…» ብሎ ጀመረና አፉ እንደተከፈተ ቀረ። አየኝ። አንጓችን አየ። ወደ አፋፉ በኩል በመስኮት አየ። «ስኳሩስ?» አለ።

«አድርሼአለሁ» አለች አንጓች። «አፋቸው ላይ ነው የበተንኩት።»

እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። ከዚያ እንዲህ ብሎ ጠየቀኝ፤ ያኔ በክብር መጠየቁን እስከ ዛሬ አልረሳውም፦ «ስንት ሰዓት ነው የሚተኙት?»

በማግስቱ አብረን ወረድን። ውሃው ሲቆም አየ፣ ቅጠልም ሲገባ አየ። ድንጋዩ ውስጥ ጉድጓድ አለ፣ ይሞላል፣ ሰው ጠላ በሸምበቆ እንደሚስበው እስኪያልቅ ይስባል፣ ከዚያ እንደገና እስኪሞላ ይቆማል እያለ በሹክሹክታ አስረዳኝ። ገባኝ። «ታዲያ ለምን ሁልጊዜ ቀትር ላይ?» አልኩት። እርሳሱን ነከሰ። «እንሂድ» አለ፤ «እንዳይነቁ።»

ወረቀቱን ልቀድደው ስል ከለከለኝ። «አስምርበት እንጂ አትቅደደው። የጻፍከው ከሥሩ ይታይ። ከጎኑ እውነቱን ጻፍ።»

«እውነቱ ዜሮ ነው?»

«ዜሮ ሲሆን በአርባው ቀን አይተሃል?»

«ትናንትና ዛሬ ብቻ ነው ያየሁ።»

«እንግዲያው ያላየኸውን ዜሮ አትጻፍ።»

ስለዚህ አርባ ጊዜ «አላየሁም» ብዬ ጻፍኩ። እጄ እስኪደክም። የሁለቱን ቀን ብቻ በሌላ ወረቀት ዜሮ አልኩ። ከዚያም እስከ ሰኔ በየቀኑ እየወረድኩ፣ ሳላወላግድ፣ ዜሮ በዜሮ ላይ ጻፍኩ። በየቀኑ እፈራ ነበር። ግን እወርድ ነበር።

አቶ ተሾመ ንድፉን እንደገና ሣለው። ከምንጩና ከአሸዋው መሐል ትልቅ ገንዳ ጨመረ። እሜቴ ነቅተው ሲፈስሱ ገንዳው ይሞላል፤ ሲተኙ ገንዳው አሸዋውን ቀስ እያለ ያጠጣል፤ አሸዋው ራቁቱን አይውልም። ሰው «የእሜቴ አልጋ» አለው። ያን ክረምት ግን ሥራው ወደ ማዶ ይሂድ ወይ ይቅር አናውቅም ነበር። አባ ይሁኔ ሰላምታ ነሱኝ። አንጓች በመስከረም ሴት ልጅ ወለደች፤ ምትኬ አልናት። በጥቅምት አቶ ተሾመ በዚያችው በቅሎ መጣ። ከሩቅ ባርኔጣውን አውልቆ ሲያውለበልብ አባ ይሁኔ ቀድመውኝ እልል አሉ፤ ወንድ ሆነው።

በጋውን ሙሉ አሸዋ አጥበን፣ ነፍተን፣ ተሸክመን ሠራን። ምትኬ መዳህ ስትጀምር ቧንቧው ይፈስስ ነበር። አንጓች የመጀመሪያዋን ጣሳ ወደ ብርሃን አንስታ አየች፤ ከዚያ አሸዋው ላይ ውሃ መቆሙን በዓይኗ ልታይ ሄደች፤ ተመልሳ አጠጣቻት። ነሐሴ መጣ፤ ነሐሴ አለፈ።

ይህን ሁሉ ስነግረው ደሳለኝ ዳቦ ቆሎውን ረስቶታል።

«አባባ» አለ ኋላ፣ «አሁን እኮ አይተኛም።»

«ምን አልክ?»

«ሰባት ሳምንት ለካን። ቀትር ላይ እንደ ጧቱ ነው። ለዚህ ነው ገንዳዋ ምን ትሠራለች ብለን ልናፈርሳት የተነሳነው። ወረቀቱን ሲያዩ ጓደኞቼ የሳቁትም ለዚህ ነው፤ ሽማግሌው ትክክለኛውን ሰርዞ አላየሁም ብሎ ጻፈ አሉ።»

ስልኩ ላይ የጻፈውን አሳየኝ። የቀትሩን ብቻ ተመለከትኩ። አሥር። አሥር። አሥራ አንድ። ዘጠኝ። አሥር። ጣቴን ከስልኩ ወደ ወረቀቱ አመጣሁ፤ ካሰመርኩበት ሥር ያለውን አነበብኩ። አሥር። አሥር። አሥራ አንድ። ዘጠኝ። ከዚያ በታች ማንበብ አልፈለግሁም።

ሰዓቱን ጠየቅሁት። ስድስት ሰዓት አልፏል። አሁን እዚያ ሰው አላችሁ? አልኩ። አለን ብሎ ደወለለት። ስልኩን ወደ ውሃው አስጠጋልኝ በለው አልኩት። ጆሮዬ ላይ አደረግሁት። ይፈስሳሉ። በዚያ ሰዓት ድምፃቸውን ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ሳላስበው ከመቀመጫዬ ተነሳሁ።

«ወደ ስንጥቁ ‹አለማየሁ› ብሎ ይጥራልኝ።»

ደሳለኝ በግርምት አየኝ፤ ግን ነገረው። ወዲያ ያለው ልጅ ሳቀና በኃይል ተጣራ። ጠበቅኩ። ውሃ ብቻ ነው። ማንም አየሁ አላለኝም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ስልኩን መለስኩለት። «ገንዳዋን አታፍርሱ» አልኩ።

«ምን ብዬ ልጻፍ አባባ? ሰባት ሳምንት ሙሉ ሲፈስስ አይተናል።»

«ሰባቱን ያየኸውን ጻፍ። ዓመቱን ግን አላየኸውም። አላየሁም ብለህ ጻፍ።»

ወረቀቱን በላስቲኩ ሲጠቀልል ቆየ። ዓመት እስኪዞር እንዳትነካ አደርጋለሁ ብሎኝ ሄደ፤ ልጁ የሚያደርግ ይመስለኛል። ምትኬ ማታ መጥታ ስነግራት «እንኳንም አልተኙ፣ ውሃ በዛ» አለች። እሷ ምን ታድርግ? ውሃ እንደልብ እየጠጣች ነው ያደገች። እኔ ግን ስንት ዘመን ቀን ቀን ሲያንቀላፉ የኖሩ ሰው እንቅልፍ አጥተው መዋላቸው ያሳስበኛል። ከዚያ ወዲህ ስድስት ሰዓት ላይ ሰው በስሜ ሲጠራኝ ቶሎ አቤት አልልም። መጀመሪያ ዝም ብዬ አዳምጣለሁ።